ዘንዶና ንስር በተከፈቱበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ልጄን ሜላትን ይዤ ወደ ካዛንችስ ወጣሁ። ካዛንችስ ደርሶ ለመጣ ሰው የጉዞ ማስታወሻ ምን ይሠራለታል የሚል አይጠፋም። ሰፈራችን ፈርሶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ግን መንገዱ ሁለት አውቶብስና አንድ ታክሲ ይፈጃል። ይሄ ጉዞ ካልተባለ ምን ይባላል?

የምንሄደው ቃል ለመፈጸም ነው። ሜላት ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ መዝናኛ ውስጥ ቁመትሽ አልደረሰም ተብላ አልቅሳ ተመለሰች። እኔም የቤታችን በር መቃን ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ከሃያ ለክቼ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩና እዚህ ስትደርሺ እንሄዳለን አልኳት። የጎረቤታችን ልጅ ቤዛም አብራት ልትሳፈር ማለች። ሰፈሩ ሲፈርስ ለእነቤዛ በሌላኛው የከተማ ዳር ቤት ደረሳቸው። እኛ መቃኑን ነቅለን ሄድን፤ ምስጥ የበላውን የታች ጫፉን በመጋዝ ከርክሜ፣ ወለል አስነክቼ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቸነከርኩት።

አዲሱ ቤት ለሜላት አልሆናትም። ሰባት ወር ሙሉ ጓደኛ አልያዘችም፣ ምግብም በልመና ነው። ባለፈው ሳምንት ግን መቃኑ ሥር ስትቆም ጭንቅላቷ ቀዩን መስመር አለፈ። «አየሽ፣ ይሄ ቦታ ተስማምቶሻል፤ ተመዘዝሽ እኮ» አልኳት። እዚያ ቤት ከገባን ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኡራኤል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ቤዛና እናቷ ሰናይት ታክሲ መያዣው ጋ ጠበቁን። ልጆቹ ተቃቅፈው አልላቀቅ አሉ። ቤዛ በጣም ረዝማለች። ሜላት ደረቷን ነፍታ እሷም መስመሩን ማለፏን ነገረቻት።

በድሮው ሰፈራችን እንለፍ ብላ ለመነችኝና አለፍን። አጥር፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የተደረደሩ አበቦች። በራችን የቱ ጋ እንደነበር ስትጠይቀኝ የመብራት ምሰሶዎቹን እየቆጠርኩ ቆየሁና አንዱን አበባ አሳየኋት። እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም።

ባምቢስ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ሁለት ተፎካካሪ መዝናኛዎች በዚሁ ቀን በሐዲድ ላይ የሚወነጨፍ የልጆች ባቡር ያስመርቃሉ። የባምቢሱ ዘንዶ ይባላል፤ የወሎ ሰፈሩ ንስር። ቤዛ ዘንዶን ስለመረጠች እዚያ ጀመርን። ትኬቱ ሦስት መቶ ብር፣ ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ቁመት የሚለካም የሚጠይቅም የለም። ተራችን ሊደርስ ሲል ዘንዶው ሽቅብ ላይ ቀጥ አለ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ በመሰላል አወረዷቸው።

ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ፣ ወጣቶቹ ስልካቸውን ደገኑ። አስተናጋጆች ቪዲዮ አትቅረጹ እያሉ በሰልፉ መሃል ተሯሯጡ። ባለማይኩ ግን ሙዚቃውን ጨመረና «ውድ ደንበኞቻችን፣ ዘንዶው ትንሽ እያረፈ ነው!» አለ። ከዚያ ለየልጁ ፊኛ ታደለ። ፊኛ የያዘ ልጅ ዝም አለ፣ ልጁ ዝም ያለለት ወላጅም ዝም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምን፤ ዘንዶው ከእረፍቱ አልነቃም።

ወሎ ሰፈር፣ ስድስት ሰዓት ተኩል

ታክሲ ውስጥ ሰናይት ሰው የጻፈውን ከስልኳ አነበበችልን። «ዘንዶው ዘንድሮ አይነሳም» ያለው ሰው አሳቀን። ወሬው ከኛ ቀድሞ ወሎ ሰፈር ገብቷል፤ የንስር መግቢያ ላይ በካርቶን «የእኛ አያርፍም» ተብሎ ተለጥፏል።

እዚህ ግን የባቡሩ በር ላይ አንዲት ወጣት የአንድ ሜትር ከሃያ የቁመት መለኪያ ይዛ ቆማለች። ቤዛ አለፈች። ሜላት ስትቆም ወጣቷ መለኪያውን አየች፣ የሜላትን ጫማ አስተካክላ እንደገና ለካቻት።

«ጋሼ፣ አራት ጣት ይቀራታል።»

«ቤት ለክቻታለሁ እኮ፤ መስመሩን አልፋለች» አልኩ።

«በምን ለኳት?»

በበሩ መቃን አልኳት። አልሳቀችም። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ቶሎ በሉ እያለ ይጮሃል። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የባምቢሶቹ እኮ አይለኩም፣ እናንተ ደግሞ ሰው ማጉላላት ትወዳላችሁ አልኳት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

«ወንበሩ ይሰፋታል፣ ትንሸራተታለች። በቃ፣ አላሳፍራትም ጋሼ፤ ይቅርታ» አለችኝ። የትኬቱን ብር እዚያው አስመለሰችልኝ።

ቤዛ ከበሩ ማዶ ሆና ሜላትን አየቻት። ሜላት «ሂጂ» አለቻት። ሄደች። ስትወርድ ጉንጯ ቀልቶ፣ አብረዋት ከተሳፈሩ ሁለት ልጆች ጋር ተያይዛ ነበር። ሜላት የሚያወሩትን ቆማ ሰማች። እኔ ግን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ቤት፣ አሥራ አንድ ሰዓት

 ቤት እንደገባን ሜላት ቀጥ ብላ መቃኑ ሥር ቆመች። ጭንቅላቷ አሁንም ቀዩን መስመር ያልፋል።

«አየህ አባዬ፣ ልጅቷ ውሸቷን ነው» አለች።

ሜትር አምጥቼ ከወለሉ እስከ መስመሩ ለካሁ። አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። መጋዙ ትዝ ያለኝ ይሄኔ ነው። የቆረጥኩት ቁራጭ እንዳይነቃነቅ ብዬ አልጋችን እግር ሥር ሸጉጬዋለሁ። አወጣሁትና ጣቶቼን ደረደርኩበት። አራት።

ብፈልግ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ያ ባለማይክ ትዝ አለኝ። ተመዘዝሽ፣ ቦታው ተስማማሽ እያልኩ እኔም ለገዛ ልጄ ፊኛ ነው ያደልኳት። ሲጮሁባት መለኪያዋን ይዛ የቆመችው ልጅ ከእኔ ትሻላለች። የዚህ ጉዞ ትምህርቴ ይሄው ነው። ስለዚህ ቁራጩን አሳይቼ የሠራሁትን ነገርኳት።

ቁራጩን አገላብጣ አየችው።

«ታዲያ እዚህ ከመጣን አላደግኩም?»

«ትንሽ» አልኳት።

ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ አራት ጣት ከፍ አደረግኩና አዲስ መስመር አሰመርኩ። ነይ ቁሚበት አልኳት። አልመጣችም።