አቧራ የለበሱ አራት መቶ ወንበሮች

የሰፈራችን ወንበር አከራይ ጋሽ ወንበሬ የምርጫ ውጤት ለመተንበይ ጋዜጣም ሬዲዮም አያስፈልገውም። ስብሰባ ባለቀ ቁጥር ጨርቁን ይዞ ፕላስቲክ ወንበሮቹን ይወለውላል፤ ሰው የተቀመጠበት አቧራ የለውም፣ ያልተቀመጠበት አለው። በቃ፣ ሳይንሱ ይኸው ነው። "ሰው ይዋሻል፣ መቀመጫው ግን አይዋሽም" ይላል።

ከስድስት ዓመት በፊት ገዥው ፓርቲ ስብሰባ ሲጠራ በአንድ ወንበር ሦስት ሰው ይደራረብ ነበር፤ አራተኛው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ያጨበጭባል። ከዚያ የሰፈሩ ቧንቧ ደረቀ። ፓርቲው ቧንቧውን ሦስት ጊዜ መረቀው፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ከቧንቧው የወጣችው ግን አንዲት ሸረሪት ብቻ ናት፤ እሷም በሁለተኛው ምርቃት ተስፋ ቆርጣ ተሰደደች። ከዚያ ወዲህ የጋሽ ወንበሬ ጨርቅ በአንድ ስብሰባ ጎመን የሚያበቅል አፈር ይጠርግ ጀመር።

አለቆቹ ደንግጠው ጥናት አስጠኑ። ጥናቱ ዘጠኝ ወር አርግዞ "ሕዝቡ የቀረው ወንበር ቢያንሰው ነው" የሚል መልስ ወለደ። የሰፈሩ የፓርቲ ኃላፊም ለቅዳሜ ስብሰባ አራት መቶውንም ወንበር አዘዘ፤ አንድም እንዳይቀር።

ቅዳሜ ደግሞ የጋሽ ወንበሬ ልጅ ሠርግ ነው።

"ኧረ ጌታዬ፣ ባለፈው የመጣው ሰው አሥራ አንድ ነው። ሁለቱ ዘበኞች ናቸው፣ አንዱን ተኝቶ ነው ያገኘነው" አለው።

"አንተ ሰውዬ፣ ተቃዋሚ ሆንክ እንዴ?"

ጋሽ ወንበሬ አራት መቶውንም ወንበር ጫነለት። ሚስቱ ግን ይህን የምትውጥ ሴት አይደለችም።

"ሦስት መቶ እንግዳ ጠርቼ ምን ላይ ላስቀምጠው? ጉልበትህ ላይ? የልጄ አማት ቆማ ከበላች እኔን መሬት ትዋጠኝ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ወንበሩ ገና ሐሙስ ተጭኖ ሄዷል።"

ቅዳሜ ደረሰ። የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ አራት መቶ ወንበር፣ ዘጠኝ ሰው። ጋሽ ወንበሬ ግቢ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው፣ ወንበር የለም። አማቲቱ ሳህኗን ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች፤ ዓይኗ የጋሽ ወንበሬን ሚስት እንደ ምስማር ይወጋል። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ ስትል ጋሽ ወንበሬ አያት።

"ተነሡ!" ብሎ ጮኸ፤ የተቀመጠ እንኳ አልነበረም። "ወንበሩ ያለበትን አውቃለሁ፣ ተከተሉኝ!"

ሙሽሮቹ ከፊት፣ ድስት የተሸከሙት ከመሃል፣ ሙዚቀኞቹ ከኋላ ሆነው አዳራሹን አጥለቀለቁት። መድረክ ላይ የነበረው ኃላፊ ንግግሩን አቋረጠ። "ሕዝቡ ተመለሰ!" ብሎ ማይኩን አቅፎ አለቀሰ።

ከዚያ ማን ያቁመው! ሰዉ እየበላ አጨበጨበለት። "ልማት" ሲል አጨበጨበ፣ ሲያስነጥስም አጨበጨበ። አማቲቱ ሁለት ወንበር ደርባ ተንደላቃ፣ ሦስተኛ ሳህን አስጨምራ፣ እጇን አወጣች።

"ልጄ፣ የዚህ ሰፈር ውሃ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ኮሚቴ አቋቁመናል!"

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ኃላፊውም የደስታ ሳቅ መስሎት አብሮ ሳቀ።

ሲያበቃ ጋሽ ወንበሬን ጥግ ወስዶ ሳመው። "የሚመጣው ቅዳሜም ይህንኑ ሕዝብ ታመጣልኛለህ። የበላይ አካል ይገኛል።"

"ጌታዬ፣ ያለችኝ ልጅ አንዲት ናት፤ እሷም ይኸው ተዳረች።"

ኃላፊው አሰበ፣ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጎረቤትህስ ስንት ሴት ልጆች አሉት?" አለው።