ስህተቱ ብቻ የእኔ ሆነ

ለማስተርስ መመረቂያዬ ሁለት ዓመት የሠራሁት፣ ምድርን እየዞረ የሚኖር የሞተ ሳተላይትን በሌላ መንኮራኩር ደርሶ ስለመያዝ ነበር። አባቴ አዲሱ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ብሄድ፣ «እንዲያ የሚሮጥ ነገር እንዴት ነው የሚያዘው?» አለኝ።

«አሁን ያለበት ላይ ካነጣጠርን ስንደርስ አናገኘውም» አልኩት። «ሁለት ታክሲዎች ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲመጡ፣ አንዱ ሹፌር ሌላውን በመስኮቱ ያው ቦታ ላይ እያየው እየተለቀ ከመጣበት፣ ይጋጫሉ። ሹፌር ያንን ይሸሻል፤ እኛ ግን የምንፈልገው ያንኑ ነው። ዒላማው ከዓይናችን ፈቀቅ ባለ ቁጥር በዚያው ልክ እንታጠፋለን።»

አባዬ ሳቀ። «ለመጋጨት ሁለት ዓመት!» ለደንበኞቹ ግን «ልጄ ሰማይ ላይ ነው የምትሠራው» ይላቸው ነበር።

ስሌቱን የጨረስኩ ዕለት አማካሪዬ ፋይሉን በሙሉ ላኪልኝ አለኝ፤ ላክሁለት። (ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ አንቱታው አልወጣ አለኝ።) ከወራት በኋላ ጳውሎስ አካባቢ ካፌ ተቀምጠን፣ የክፍል ጓደኛዬ ስልኳን አዞረችልኝ። ሥራው በእሱ ስም ውጭ አገር ታትሟል። ሥዕሎቹ የእኔ ናቸው፤ የመረጥኳቸው ቀለሞች እንኳ አልተለወጡም። መጨረሻው ላይ «በስሌት ያገዘችኝን ተማሪ አመሰግናለሁ» ይላል። የትኛዋን ተማሪ?

ቢሮው ሄድኩ። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የእኔ ሥራ ነው።»

«አንቺ አሰላሽ እንጂ አላሰብሽም» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ደግሞ መመረቂያሽ ገና ነው አይደል?»

ዝም ብዬ ወጣሁ። ዝምታዬ እስከዛሬ ያቃጥለኛል። ከፍተኛውን ውጤት ሰጠኝ፤ አፌን የገዛበት መሆኑን እያወቅሁ ተቀበልኩ።

ዓመት ሳይሞላ አንድ የውጭ አንባቢ ስህተት አገኘበት። መቀነስ የነበረበት ቦታ ላይ መደመር ገብቷል፤ ዒላማው ፍጥነቱን ሲቀይር መንኮራኩሩ ወደ ተቃራኒው ይታጠፋል። ፋይሌን ከፍቼ አየሁት። እውነት ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው። እኔ የሞከርኳቸው ዒላማዎች ፍጥነት ስለማይቀይሩ አልታየኝም ነበር።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት የቀረችው የክፍል ጓደኛዬ እንደነገረችኝ፣ አማካሪዬ ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ «ስሌቱን የሠራችው ተማሪዬ ናት» ብሎ ስሜን ከነአባቴ ጠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለአባዬ ነገርኩት። የዘረጋውን ጨርቅ እያጠፈ፣ «ተይው ልጄ፣ አላህ ያያል» አለኝ።

«አላህማ አየ። እኔ የምፈልገው ሰው እንዲያይልኝ ነው።»

ጨርቁን አጥፎ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ዘረጋው።

በማግስቱ ከሰዓት ያቺን የመደመር ምልክት አስተካክዬ ስሌቱን ድጋሚ አስኬድኩት፤ መንኮራኩሩ ፍጥነት የሚቀይረውንም ዒላማ ያዘ። ለማንም አልላክሁትም። አሁን አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አማካሪዬ እርማቱን አሳትሟል ሲሉ ሰማሁ፤ ማን እንዳረመለት አላውቅም። አላነበብኩትም።