ለጥንቃቄ የጨመርኩት አንድ ሰዓት

ሳፋው ግርጌ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ እድፍ አለ። በበረኪናም በአሸዋም ፈትጌዋለሁ፤ አይለቅም። ዛሬ ጠዋት ልብስ ልዘፈዝፍበት ሳነሳው ፀሐይ እድፉ ላይ አረፈችና ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረችበት ዓመት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሁለታችን ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ እንኖር ነበር። የጠበቆች ካባ እያጠብኩና እየተኮስኩ ነው ያሳደግኳት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። እሷ ግን ከትምህርት ቤት በተዋሰችው ኮምፒውተር፣ በነፃ ባገኘችው የንድፍ ፕሮግራም፣ ስታሰምር ትውላለች።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኳት።

"መንገድ ነው እማ፤ መብራት እንዲበራ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት። ሁለቱ ከተነካኩ አለቀ፣ ይቃጠላል።"

ይቃጠላል ያለችው ነገር ውስጤ ቀረ።

ንድፉን ፎቶኮፒ ቤት በሚያብለጨልጭ ወረቀት አሳተመችው። ወረቀቱን መዳብ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ ደፍቶ በካውያ መተኮስ ነው፤ ቀለሙ ወደ መዳቡ እንዲሻገር። ሰሌዳው አንድ ብቻ ነበር፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ለምና ያገኘችው። ካውያውን እንደ ሸሚዝ ወዲያ ወዲህ ስትገፋው ቀለሙ ሁለቴ ተጨማለቀባት፤ ሁለቴም ፍቃ እንደገና ጀመረች።

"ካውያ ጠላትሽ ነው እንዴ? ወዲያ በይ" አልኳትና የካባ አንገት እንደምጫነው፣ ሳላንቀሳቅስ፣ ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩት። የጋለ ቀለም ሽታ ቤቱን ሞላው። ወረቀቱን በውሃ አርሰን ስንልጠው አንድም መስመር አልጎደለም።

"ኢንጂነሯ እናቴ" አለችና ሳቀች። ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ነበር። ሥራው የሠራለት ተማሪ ለክረምት ሥልጠና ይመረጣል፤ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በማግስቱ ጠዋት ሳፋው ውስጥ ቡናማ ፈሳሽ አድርጋ ሰሌዳውን ነከረችው። ፈተና ስለነበረባት አደራውን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ ይበላዋል። ግማሽ ሰዓት ነው። ጥቁሩ ብቻ ሲቀር አውጥተሽ በውሃ አለቅልቂው። ጓንት አድርጊ፣ እሺ እማ?"

ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ጥቁሩ ብቻ ነው የሚታየው። ግን በመንገዶቹ መካከል ለዓይን የማይታይ መዳብ ቀርቶ ቢሆንስ? ተነካክተው ቢቃጠሉስ? የካባ እድፍ ለቀቀ ብዬ ሳስብ እንኳ ትንሽ ጨምሬ ነው የምዘፈዝፈው። ደንበኞቼ የሚወዱልኝ ይህንኑ ነው። ከሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ሌላ አንድ ሰዓት ጨመርኩ።

ልጄ ከፈተና መጥታ ጥቁሩን ቀለም ስትፍቀው ከሥሩ ያሉት መንገዶች ተቆራርጠዋል። ፈሳሹ በጎን ገብቶ በልቷቸዋል።

"ስንት ሰዓት አቆየሽው?"

"አንድ ሰዓት ተኩል። ለጥንቃቄ ብዬ ነው።"

ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አነሳችው። መንገዶቹ ቀዳዳ በቀዳዳ ነበሩ።

"ግድ የለም እማ" አለች።

አልጮኸችም። ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄደች፤ ጠጋኙ ሌላ ሰሌዳ አልነበረውም። በማግስቱ ሌሎቹ ልጆች መብራት ሲያበሩ እሷ የንድፉን ወረቀት ይዛ ቆመች። አልተመረጠችም። ኮምፒውተሩን መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ መስመር ስታሰምር አላየኋትም።

አሁን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ቤቷ ሌላ ሰፈር ነው፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ዛሬም መጣች። ምሳ እየበላን እያለ ይህን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

"ያንን ሰሌዳ ታስታውሺዋለሽ?"

"የቱን ሰሌዳ?"

ፊቷን አየሁት። ምንም አልነበረበትም።

"ብዪ እንጂ፣ ቀዘቀዘ" አለችኝና ወጥ ጨመረችልኝ።

በላሁ።