መሪጌታ እሸቴ ለሙላቴ የነገረው ቅኔ

ጉና ሥር ተወልዶ መሪጌታ መሆን ቀልድ አይደለም። እሸቴ ዜማውን ቤተልሔም፣ ቅኔውን ጎጃም፣ አቋቋሙን እዚያው ደብረ ታቦር ተምሮ፣ የውሻ ንክሻውን በእግሩ፣ ድጓውን በራሱ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ ድርሰት ከእሱ ይጠበቃል፤ ቃሉን ፈጥሮ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶ፣ ለማኅሌት ያደርሳል።

እግዜር ግን ድምፅ ነስቶታል። «እሸቴ ሲያዜም በቅሎ ይደነብራል» እያሉ ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። ስለዚህ እንደ ደብሩ ልማድ እሱ ቅኔውን ቤት በቤት፣ መስመር በመስመር እየከፈለ በጆሮ ይነግራል፤ ድምፀ መልካሙ ሙላቴ ከጎኑ ቆሞ እየተቀበለ ለማኅበሩ ያሰማል። የተጀመረ ቅኔ ሳያልቅ አይቋረጥም፤ እንዲህ ያለ ነውር በደብሩ ታይቶ አይታወቅም። ሙላቴ ከቅኔ ቤት ቶሎ የኮበለለ ስለሆነ ግእዙ ስስ ነው፤ ጉሮሮው ግን ማር። የሚያዜመው ነገር እምብዛም አይገባውም፤ ባይገባውም አይጨንቀውም።

ጣሊያን ሲገባ ይኸው ሙላቴ ጥምጥሙን ፈትቶ ባንዳ ሆነ፤ ግራዝማችም ተባለ። የእሸቴ ታናሽ ወንድም ፈንታሁን ደግሞ ጉና ላይ ሸፈተ። በሁለት ቢላ መብላት የለመደው ሙላቴ ከጣሊያን ግምጃ ቤት ጥይት እየሰረቀ በስውር ለፈንታሁን ይሸጥለት ጀመር። ቆይቶ የጣሊያኑ ሹም የጥይቱን መጉደል ሲጠረጥር ሙላቴ ፈራ። ምስክሩን ለማጥፋት ፈንታሁን ጋፋት ላይ የሚያርፍበትን ቤት ጠቆመ። ጣሊያኖቹ ፈንታሁንን ይዘው በገበያ ቀን ሰቀሉት።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ፀጉሯን ተላጭታ እሸቴ ቤት መጣች። ባሏ የጥይቱን ምስጢር ነግሯት ስለነበር ሁሉን ዘረገፈችለት።

«የወንድምዎ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?» አለችው። «ጠመንጃ አልችልም ካሉ ለኔ ይስጡኝ፤ አንቱ ጽናጽልዎን ይያዙ!»

ቃሏ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ጠመንጃ ቢይዝ ከሙላቴ ይልቅ ራሱን እንደሚመታ ያውቃል። ደሙን ግን መመለስ አለበት፤ ሌላ ሐሳብ ራሱ ውስጥ አልቀረም። አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም «እኛም ይቅር እንደምንል» የምትለዋ ላይ ሲደርስ አፉን ይዘጋ ጀመር። እግዜርን መዋሸት አልፈለገም።

የደብረ ታቦር በዓል ሲቃረብ የጣሊያኑ ሹም ማኅሌቱን አያለሁ አለ። ሙላቴ በሹሙ ፊት ድምፁን ሊያሳይ ጓጉቶ፣ ያለ እፍረት እሸቴን ፍለጋ መጣ።

«እንደ ድሮው አንተ ንገረኝ፣ እኔ ላሰማ። ያለፈው አልፏል፣ እሸቴ።»

«ምን ገዶኝ» አለ እሸቴ። «ጥሩ ቅኔ አወጣልሃለሁ።»

በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎት የደከመበት ድርሰት የለም። ሰምና ወርቅ ብሎ ነገር የለበትም፤ እርቃኑን የቆመ ኑዛዜ ነው። ዜማውን ግን ለሙላቴ ጉሮሮ እንዲመች አድርጎ አሳመረው።

በበዓሉ ጠዋት ሹሙ አስተርጓሚውን ይዞ ተቀመጠ። እሸቴ ወደ ሙላቴ ጆሮ ጠጋ ብሎ የመጀመሪያውን ቤት ነገረው። ሙላቴ ዓይኑን ጨፍኖ አሰማ። የጌታዬን ጥይት ሰርቄ ለጠላቱ ሸጥሁ ማለት ነው፤ እሱ አልገባውም፤ ሊቃውንቱ ግን መቋሚያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እሸቴ ሁለተኛውን ነገረው።

«አነ ውእቱ ዘአግባእክዎ ለፈንታሁን።»

ፈንታሁንን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህቺ እንኳን ለሙላቴ፣ ለቆሎ ተማሪም አትጠፋም። ዓይኑን ገልጦ እሸቴን አየው። ያለፈው ቤት ስለ ጥይቱ እንደነበርም አሁን ገባው። ቢያቋርጥ ሹሙ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ከተጠየቀ ትርጉሙ ይመጣል፤ ትርጉሙ ከመጣ የጥይቱ ጉድ ይፈላል። እሸቴ ራሱም አብሮ እንደሚሰቀል ያውቃል፤ አንገቱን አስቀድሞ ለዚያ ሰጥቷል።

«በል እንጂ» አለው በሹክሹክታ።

ሙላቴ አሰማ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ይባስ ብሎ አማረበት። እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ኃጢአቱን በገዛ አፉ አወረደው።

ሹሙ አጨበጨበ። ምን አለ ብሎ ቢጠይቅ አስተርጓሚው ግእዝ አያውቅምና ጥያቄውን ወደ ሙላቴ መለሰው።

«ለመንግሥታችን... ምስጋና ነው» አለ ሙላቴ፣ ላቡን እየጠረገ። ከሊቃውንቱ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ሹሙ በጣም ደስ አለው። ይኸው ምስጋና፣ በዚሁ ሰው ድምፅ፣ በየእሑዱ እንዲሰማ አዘዘ።

በሳምንቱ ትርጉሙ ከደብተራ ወደ ምእመን፣ ከምእመን ወደ ገበያ ወርዶ ከጣሊያኖቹና ከአስተርጓሚያቸው በቀር ያልሰማ አልነበረም። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ጥሩወርቅ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ቆመች። ሙላቴ የእሸቴን ነጠላ ጫፍ ያዘ።

«የኔታ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ሌላ ያውጡልኝ። ይግደሉኝ፣ ይህን ግን አያስብሉኝ።»

እሸቴ ነጠላውን ከእጁ አስለቀቀ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ቀስ እያለ፣ የመጀመሪያውን ቤት ነገረው።