የእናቴ ቅዳሜዎች

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን የካ፣ ዳገቱ ላይ ነበር፤ ጠዋት በር ስንከፍት ቀድሞ የሚቀበለን የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በደጃችን ሲያልፉ ከሸክማቸው የሚወድቀውን ጭራሮ እየለቀምን መሬቱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እናሰምርበት ነበር። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የዚያ ሰፈር ልጆች ያንን ሽታ የምትረሱት አይመስለኝም።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ግን የምሄደው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እናቴ ቢሮ ነበር። አባቴ ስለሞተ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ወይዘሮ የሺ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አጠገቧ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን ስሠራ የጽሕፈት መኪናዋ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። የጣቶቿን ጫፍ የካርቦኑ ቀለም ይዞት በሳሙናም አይለቅም። ከሰው ጋር እያወራች፣ ቁልፎቹን ሳታይ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ያለ ስሕተት ትመታለች። ሰው ግን አታምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የዘወትር አባባሏ ነበር። ደብዳቤ በሦስት ኮፒ ምቺ ስትባል አራት ትመታና አራተኛውን ቁም ሳጥኗ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ወረቀት ይጠፋል፣ ሰው ይክዳል» አለችኝ።

ከዕለታት በአንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ሁለት ኮምፒውተሮች መጡ። ከእነሱ በፊት ክፍሉ ቀለም ተቀባ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፤ በሩ ላይም «ጫማዎን አውልቀው ይግቡ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱን የመታችው እናቴ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ካልሲው የተቀደደ ሠራተኛ ጉዳዩን ከበር ሆኖ ነበር የሚያስፈጽመው። ኮምፒውተሮቹ ሥራ ሲያበቃ ዳንቴል በተሠራለት ነጭ ጨርቅ ይሸፈናሉ። ቤዛ የምትባል ከኮሌጅ የወጣች ወጣት ለእነሱ ተብላ ተቀጠረች። ቆንጆና ሳቂታ ነበረች፤ እናቴ ሳታይ እየጠራችኝ በስክሪኑ ላይ ካርታ መጫወት ታሳየኝ ነበር። ካሬ ጥቁር ፕላስቲክ አንሥታም «ይህ ዲስክ ይባላል፣ የእናትሽ ቁም ሳጥን ሙሉ ወረቀት እዚህ ውስጥ ይገባል» ብላኛለች። አላመንኳትም። የእናቴ ልጅ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ተጀመረ። መዝገብ ቤት የሚሠሩት ጋሽ ታደለ፣ ጎረቤታችንም ነበሩ፣ አንድ ቀን እናቴ ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው «የሺ፣ ይኼ ዕቃ እኔንም አንቺንም ጡረታ ሳንደርስ ነው የሚያሰናብተን» አሏት። እናቴ መምታቷን ቀጠለች፤ ግን ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀድዳ ስትጥል አየሁ።

የቅዳሜው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «እንጦጦ ራጉኤል ስእለት አለብኝ፣ ሰባት ቅዳሜ ልመላለስ ተስያለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ትወጣለች። እኔን ጎረቤት፣ ጋሽ ታደለ ቤት ትተወኛለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምንም አልጠረጠርኩም። በሁለተኛው ዝናብ ዘንቦ ነበር። የእንጦጦን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀይ ነው፣ ከጫማ በቢላ እንኳ በግድ ነው የሚላቀቀው። እናቴ ስትመለስ ጫማዋ ንጹሕ ነበር። ጸበል አልያዘችም፣ እምነትም ግንባሬን አልቀባችኝም። በሦስተኛው ቅዳሜ ዘልዬ ወጥቼ በአጥሩ ተከለልኩና አየኋት። ወደ ዳገቱ አልዞረችም። ቁልቁል ወርዳ፣ ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ በሚጠራበት ታክሲ ገባች።

ልጅ ሲጠረጥር የሚያማክረው ሰው የለውም። ከእኔ ጋር ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ እናት ለሌላ ጎረቤት «የሺ ባል ሳታገኝ አልቀረችም» ስትል ሰምቻለሁ። ሌላዋም «ሃይማኖት ለውጣም ይሆናል፣ ድብቅ ሆናለች» አለች። ሁለቱንም ወሬ ይዤ ገባሁ። እናቴን ፊት ለፊት መጠየቅ አልቻልኩም፤ ራጉኤልን ጠርታ ዋሽታለችና ስጠይቃት ድጋሚ ብትዋሽ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ራሷ ያስተማረችኝን አደረግሁ። ጓዳ ስትገባ ቦርሳዋን ፈተሽኩ። ከታች፣ በአባቴ መሐረብ ተጠቅልሎ፣ አንድ ካሬ ጥቁር ፕላስቲክ አገኘሁ። የቤዛ ዲስክ። መልሼ ጠቀለልኩት። ልቤ ግን ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እናቴ ሌባ ናት ብዬ አሰብኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮምፒውተሮቹ ተበላሹ። ቤዛ ጠዋት ስትከፍታቸው ፋይሎቹ የሉም፤ ከወረቀት የተገለበጠ የብዙ ወር ደብዳቤ፣ የሠራተኞች ማኅደር፣ ሁሉም ጠፍቷል። ከውጭ የመጣው ጠጋኝ «ቫይረስ ገብቶበታል» አለ። በዚያ ዘመን ቫይረስ ማለት ለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ኤድስ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጓንት ካልተሰጠኝ ክፍሉን አልጠርግም አለች፤ ዘበኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ በበሩ ሲያልፍ አፉን በጋቢው ይሸፍን ነበር። ቫይረሱ ከሰው ሳይሆን ከዲስክ ወደ ዲስክ እንደሚተላለፍ ሲነገር ፍርሃቱ ወደ ጥርጣሬ ዞረ። ከውጭ ዲስክ ያስገባው ማነው? ኮምፒውተሩ እንዲበላሽ የሚፈልግ ማነው? ማንም ስም አልጠራም። ነገር ግን እናቴ ስትገባ ወሬ ይቆም ጀመር።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው አቶ ደምሴ ይባሉ ነበር። ሁልጊዜ ክራቫት የሚያደርጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። አንድ ከሰዓት እናቴ ደብዳቤ ልታስፈርም ወጥታ ብቻዬን አገኙኝ። ጎንበስ ብለው ደብተሬን አዩ፣ የእጅ ጽሑፌንም አመሰገኑ።

«እናትሽ የቢሮ ሥራ ቤት ታመጣለች እንዴ?» አሉኝ።

«አታመጣም» አልኩ።

«ወረቀት ምናምንም አታመጣም?»

«ወረቀት አታመጣም። ዲስክ ግን ቦርሳዋ ውስጥ አለ። በመሐረብ ጠቅልላዋለች።»

አልተቆጡም፣ አልደነገጡም። ራሴን ዳበስ አድርገው «ጎበዝ ልጅ» ብለው ሄዱ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ጸጸት ሳይሆን ዕረፍት ነበር። ብቻዬን ይዤው የነበረውን ነገር አንድ ትልቅ ሰው ተቀበለኝ። ጸጸቱ የመጣው በማግስቱ፣ እናቴ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት መጠራቷን ስሰማ ነው።

በክፍሉ ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገሩኝ የኮሚቴው አባል የነበሩት ጋሽ ታደለ ናቸው። እናቴ ዲስኩን እንድታወጣ ተጠየቀች። ሳትከራከር አወጣች። ጠጋኙ በጸዳው ኮምፒውተር ላይ ከፈተው፤ አምስቱም የኮሚቴ አባላት በካልሲያቸው ከበው ቆሙ። የተሰረቀ የመንግሥት ሰነድ ይጠብቁ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ነው። ከዚያ «መ ሙ ሚ»። ከዚያ ገጽ በገጽ፣ በስሕተት የተሞላ፣ የጀማሪ ልምምድ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መሐል ተቀምጣ ኮምፒውተር ትማር ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ፈጣኗ ታይፒስት ከዜሮ ጀምራለች። በጽሕፈት መኪናው ጣቶቿ ፊደሉን ራሱን ያውቁታል፤ በኮምፒውተሩ ግን አማርኛ ለመጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል መፈለግ ነበረባት፤ እንግሊዝኛዋ ደግሞ ደካማ ነበር። አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቀ። ጋሽ ታደለ «እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉኝ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ደብዳቤ ነበር። «ጉዳዩ፦ በኮምፒውተር ጽሑፍ የሥራ መደብ ላይ እንድመደብ ስለመጠየቅ» ይላል። ያንኑ ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፋዋለች፤ ዘጠነኛው አንድ ስሕተት ብቻ ነበረበት። እሷ ገና ሳታስገባው አቶ ደምሴ ከስክሪኑ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ቫይረሱን ማን እንዳመጣው ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም። ጠጋኙ በቢሮው የተገኙትን ዲስኮች ሁሉ ሲመረምር አምስቱ ላይ አገኘው፤ የእናቴም አንዱ ነበር፣ የአቶ ደምሴም አንዱ። ማን ከማን እንደያዘ መለየት አይቻልም አለ። እናቴ ለልምምድ ብላ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ዲስኳን በኮምፒውተሩ ማስገባቷን አልካደችም። የፈቀደችላት ቤዛ ነበረች። ቤዛ በዚያ ክፍል ጥግ ቆማ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። አዲስ ተቀጣሪ ነበረች፣ ፈርታለች። እናቴም ስሟን አላነሣችም።

የተወሰነባት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ታይፒስት አልነበረውም፣ ኮምፒውተሮቹም ገና ወደ አገልግሎት አልተመለሱም። ስለዚህ የራሷን ማስጠንቀቂያ ራሷ መታችው። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ምን እየመታች እንደሆነ አላወቅሁም። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ አንድም ቦታ አልቆመም። ስትጨርስ ሦስቱን ኮፒ ለአቶ ደምሴ ሰጥታ አራተኛውን ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችው።

የጠፉት ደብዳቤዎች የተገኙት ከዚያው ቁም ሳጥን ነው። ሌላው ሰው ኮምፒውተር መጣ ብሎ ወረቀቱን ሲጥል እሷ አንድም አልጣለችም ነበርና። ከእሷና ከቤዛ ሌላ ያንን ሁሉ መልሶ የሚያስገባ ሰው ስላልተገኘ፣ ማስጠንቀቂያው ማኅደሯ ውስጥ እያለ፣ ጫማዋን አውልቃ ኮምፒውተር ክፍል ገባች። መጀመሪያ ላይ ቤዛ ሦስት ገጽ ስትጨርስ እሷ አንድ ነበረች። ክረምቱ ሲያልቅ እኩል ሆኑ። ጡረታ እስክትወጣ በዚያ ክፍል ሠራች። ከቤዛ ጋር ግን ለዓመታት ከሥራ ውጪ ቃል አልተለዋወጡም።

እኔ ዛሬ በአንድ የግል ኩባንያ የመረጃ ደህንነት ክፍል ነው የምሠራው። ሥራዬ ባጭሩ መጠርጠር ነው። የትኛው ሠራተኛ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ፣ በፍላሽ እንደገለበጠ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ ስክሪኔ ላይ ይታየኛል። አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ስሙን ወደ ላይ እልካለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላይም። ባለፈው ጊዜ ስሟን የላክኋት አንዲት ሴት በሳምንቱ ጠረጴዛዋ ባዶ ሆኖ አየሁት። ምን እንደገለበጠች አልጠየቅሁም። መጠየቅ የእኔ ሥራ አይደለም።

በዚያ እሑድ አያት ኮንዶሚኒየም፣ እናቴ ቤት ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ከመስኮቷ ባቡሩ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲዞር ይታያል። መነጽሯን አድርጋ አንድ የማታውቀው ሰው በስልኳ የላከላትን መልእክት ልክፈተው አልክፈተው እያለች ትመረምር ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልነገርኳትን ነገርኳት። ለአቶ ደምሴ የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

ከስልኩ ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች። «ኮሚቴው ፊት ነው የነገሩኝ። 'የገዛ ልጅሽ ናት የመሰከረችው' አሉኝ።»

ያን ምሽት አስታወስኩት። ከኮሚቴው ወጥታ፣ እጄን ይዛኝ ዳገቱን ወጥተን፣ ቤት ገብተን ሽሮ ሠርታ አብልታኛለች። ፈተናሽ መቼ ነው ብላም ጠይቃኛለች።

«ለምንድነው ያልተቆጣሽኝ?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? ያየሽውን ነው የተናገርሽው። የዋሸሁት እኔ፣ ያውም ራጉኤልን ጠርቼ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ እኮ ዝናብ ይመስላል እያልሽ ትሰሚኝ ነበር። እንደ ጀማሪ በአንድ ጣት ስመታ እንድታይኝ አልፈለግሁም።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ አጎንብሶ ነበር። ያኔ ጥርጣሬ ፊት ነበረው፤ ጎንበስ ብሎ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ይልሻል፣ ኮሚቴ ተቀምጦ ዓይንሽን ያያል። ክፉም ቢሆን የሚመጣበት መንገድ ይታወቃል። እኔ የምልከው ስም ላይ ግን ፊርማ የለም፤ ከሲስተሙ የወጣ ነው የሚባለው። ያቺ ሴት ማን እንዳያት አታውቅም፤ እኔም ቤቷ ማን እንደሚጠብቃት አላውቅም። በእናቴ ዘመን ሰው ሰውን ቢከስም፣ ቢያንስ እንተዋወቅ ነበር።