ለዘሀራ ያልተረጎምኩት

የመጨረሻዋ ደህና ቀን ሐሙስ ነበረች። ሱዳን፣ ሳጃና በሚሉት ሰፈር በተከራየናት ክፍል እህቴ ዘሀራ ግድግዳ ተደግፋ ፉል በላች። ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት፤ ያለሱ የሱዳን ምግብ አይወርድላትም። ሙቀቱ አያድርስ ነው። አገራችን ወረኢሉ ቢሆን ጋቢ ደርበን ነበር።

«ሰይዴ፣ ያ መርፌ በግመል ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችኝ።

«ሊደርስ ነው፣ ኢንሻአላህ» አልኳት።

መርፌው አልነበረም።

በመተማ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሪክሻ እነዳለሁ። እሷንም ያስመጣኋት እኔ ነኝ። እዚሁ ከተማ፣ ሪያድ በሚሉት የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ተቀጠረች። ዓመት ሳይሞላት ጭኗ ላይ እብጠት ወጣ። መዳሟ አየችውና «ያላ፣ ወደ ወንድምሽ» አለቻት።

ሆስፒታል መዝጋቢው ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ወረቀቷን፣ አገላብጦ «ጊዜው አልፏል» አለ።

«ታማለች፣ ያ ሀጅ።»

«ያለ ኢቃማ መታመም ማን ፈቀደላት?»

ለምኜ ገባን። ዶክተሩ ደህና ሰው ነበር። ካንሰሩ ከጡንቻና ከስብ የሚነሳ፣ ብዙ የማይታይ ዓይነት ነው አለኝ። ውጭ አገር የተዳከመ ቫይረስ እብጠቱ ውስጥ በመርፌ ይሰጡና በጨረር ይመቱታል። ግን ገና ሙከራ ላይ ነው፤ እዚህ የለም። «ለእሷ ያለው እግሯን መቁረጥ ነው። ሳንባዋ ሳይደርስ፣ አሁን። ጨረር ብቻውን አያድናትም።»

የዘሀራ ዐረብኛ ከማድ ቤት አያልፍም። ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ክፉ ወሬ ለበሽተኛ ፊት ለፊት አይነገርም። «ጨረር ትጀምሪያለሽ። ከዚያ የቫይረስ መርፌ አለ፤ እዚህም ሊመጣ ነው» አልኳት።

«ምን አለች?» አለኝ ዶክተሩ።

«እግሬን አልሰጥም አለች» አልኩት።

ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ዶክተሩ በተገናኘን ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔም እምቢ አለች እለዋለሁ። እሷ መርፌውን እየጠበቀች ጨረሩን ጨረሰች። ከዚያ ሳል ጀመራት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ትንፋሿ አጠረ፣ አጠረና ቆመ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርናት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። አጎቴ ሽማግሌዎች ይዞ እናታችን ቤት ሄዶ ሊያረዳት ተነጋግረን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ አልፈለግኩም። እሱ ሳይደርስ ደወልኩላት።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ሰይድ። ዘሀራ ሞተች። እግሯ ቢቆረጥ ትድን ይሆናል ብለውኝ ነበር። አልነገርኳትም።»

ሌላ ጊዜ ገና «እማ» ስል በድምፄ ትለየኛለች። ዶሮዎቿ ይሰሙኛል።

«ማን ልበል?» አለችኝ።