ኦቻላ ዝም ያሰኛቸው መኪኖች

ሷሊህ ከደጋው ከመቲ ወደ ጋምቤላ ቡና የሚያወርድ ሹፌር ነው። ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የኦቻላ ጋራዥ ገባና አንድ ብረት ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው የተርቦ ማራገቢያ ነበር። ክንፎቹ የተነከሰ ብስኩት መስለዋል።

"እንካ ሥራህን!" አለው። "ዳገቱን ሳልጨርስ ፉጨቱን ለቀቀውና ተበተነ። መኪናዬን እዚያው ጥዬ በሰው መኪና ነው የመጣሁት። አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የቀበርክብኝ?"

ኦቻላ ብረቱን አንስቶ አገላበጠው።

የቀበረውን እኔ ልንገራችሁ። የዘመኑ ናፍጣ መኪና ኮምፒውተር አለው። ሙቀት ሲበዛ፣ ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን፣ ተርቦው ከልኩ በላይ አየር ሲገፋ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንስና መብራት ያበራል። ይህ ፋብሪካው ያስቀመጠው ገደብ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ግን ሙቀቱም አቧራውም ጭነቱም ሁልጊዜ ከልክ በላይ ስለሆነ መኪናው ሁልጊዜ ያነክሳል። ማጣሪያ ቀይሩ፣ ጭነት ቀንሱ ብትል ማን ይሰማሃል? "ይቺን መብራት አጥፋልኝ" ነው የሁሉም ልመና።

ኦቻላ አጠፋላቸው። ትምህርት ቤት ያላስተማረውን ከስልኩ ተማረ። ከአሮጌ ሬዲዮ የሩዝ ፍሬ የምታክል ዕቃ ነቅሎ የአየሩን ግፊት የሚለካው ሴንሰር ሽቦ ላይ በየደ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የሚያየው ግፊት ከእውነቱ ያነሰ ነው። "ገና ይቀራል" እያለ ተርቦውን ያስገፋዋል። መኪናው እንደ ወፍ ይበራል፤ መብራቱ ግን አይበራም። ሹፌሮቹ "ዝም ማሰኘት" አሉት። አሥራ አንድ መኪና ዝም አሰኘ። ሁሉንም የሞከራቸው በአቦቦ መንገድ፣ በሜዳው ላይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ እንደሚሳሳ፣ የሳሳ አየር የሚገፋ ተርቦ ደግሞ ከአቅሙ በላይ እንደሚሽከረከር አላሰበም። በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ መኪና እየነዳ ደጋው ጎሬ ድረስ ወጥቶ አያውቅም። የሜዳ ልጅ ነው፤ ዳገት በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

አሁን የተሰበረው ብረት እጁ ላይ ሲሆን ገባው።

"ወንዶሰንን አይተኸዋል?" አለ በድንገት።

"ማደያው ጋ ነዳጅ ሲቀዳ። እናቱን ከኋላ ወንበር አስተኝቷታል። ደጋው ላይ መቱ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላት አይደል? ግማሽ ሰዓት ሆነው።"

የወንዶሰን እናት እማማ እታገኝ ትባላለች። በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ የመጣች ገበሬ ናት፤ በኋላ ከተማ ገባች። ኦቻላ መፍቻ ይዞ ቦታ ሲያጣ ግቢዋን ከፍታ "እዚህ ማንጎው ሥር ሥራ" ያለችው እሷ ናት። ጋራዥ የምለው ያንን ማንጎ ነው። ከማክሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ግማሽ አካሏ ከድቷት ሆስፒታል ነበረች። ኦቻላ በአምቡላንስ የምትሄድ መስሎት ነበር። የወንዶሰን ፒክአፕ ደግሞ ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያው ነው።

ደወለ። ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወለ። የለም። በሩ ላይ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ጎማ ሲያስነፋ የነበረውን ታንግን ጎትቶ አስነሳው። ታንግ ወደ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የሚመላለስ ሞተረኛ ነው።

"ወደ ቦንጋ ንዳ! ሙሉ ጋዝ!"

"ፒክአፕ በሞተር ልታባርር?" ሳቀ ታንግ። "ኦቻላ፣ ፀሐይ መታህ? የኔን ሞተርም ዝም አሰኝልኛ መጀመሪያ!"

"ታንግ፣ እማማ ውስጡ ናት።"

ታንግ ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

በጎሬ መንገድ ላይ ያለችውን ትንሿን ቦንጋ ሲያልፉ ኦቻላ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ይዞ ነበር፤ ኔትወርክ ከላይ የሚወርድ ይመስል። በየመታጠፊያው "አያለሁ፣ አሁን አያቸዋለሁ" ይላል። መንገዱ ባዶ ነው። ዳገቱ ጀመረ። ሜዳው ከኋላቸው እየሰፋ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ኦቻላ ቅዝቃዜውን ጠላው።

መጀመሪያ ድምፁን ሰሙ። ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ዘግቶ አገኙት።

ፒክአፑ መንገድ ዳር ቆሞ ያጓራል። ወንዶሰን ከውጭ ቁልፉን ወደ ላይ ይዞ ይጮሃል፤ "ነቅዬዋለሁ! ቁልፉ እጄ ላይ ነው! አይጠፋም! ኦቻላ፣ አይጠፋም!"

ተርቦው ተሰብሮ የራሱን ዘይት ወደ ሞተሩ እየተፋ ነበር። ሞተሩ ዘይቱን እንደ ናፍጣ እየበላ ይሮጣል፤ ቁልፍ አያቆመውም።

"እማማን አውጣ! ምን ትጮሃለህ፣ እማማን አውጣ!"

ወንዶሰንና ታንግ ተሸክመው አወጧት። ኦቻላ ሞተሩን አንቆ ሊያጠፋው ገብቶ አምስተኛ ማርሽ ከተተ፣ ፍሬኑን በሙሉ ክብደቱ ረገጠ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናው አንዴ ዘለለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

እማማ እታገኝ ሣሩ ላይ ተጋድማ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር። ኦቻላ ሲቀርብ አወቀችው።

"ኦቻላ ልጄ..." አለች፣ ቃሉ በግድ እየወጣ። "መጣህልን። አበጀሃት?"

ሊያበጅ የመጣ መስሏት ነው! ኦቻላ አጠገቧ ተንበረከከና "ትንሽ ነው፣ እማማ፣ ትንሽ ነው" አለ። ውሸቱን ነው። ሞተሩ አልቋል።

ሁለት መኪና ሳይቆም አለፈ። አንዱ የድርጅት ነበር፤ ሰው መጫን ክልክል ነው መሰለኝ። ከሰዓታት በኋላ አንድ አይሱዙ ቆመና ጋቢና ውስጥ አስገቧት። መቱ የደረሰችው ቀትር ላይ መድረስ ሲገባት በመሸ ጊዜ ነው። ሐኪሙ "በዚህ በሽታ ሰዓት ዋጋ አለው" አለ። እማማ እታገኝ ከሞት ተርፋለች። ቀኝ እጇ አልተረፈም። ንግግሯም መንገድ ላይ ጠፍቶ አልተመለሰም። "ኦቻላ ልጄ" ያለችው በስሙ የጠራችበት የመጨረሻ ጊዜ ሆነ።

ኦቻላን ቅዱስ አላደርገውም። ያልገባውን ነገር በሰው መኪና ላይ ሞከረ፤ በሠራ ቁጥር ስላመሰገንነው ቀጠለ። ግን በማግስቱ ያደረገውን ከእኛ መሀል ስንቱ ያደርገዋል? መፍቻውን ይዞ ከከተማው መውጫ ቆመ። ዝም ያሰኛቸውን መኪኖች አንድ በአንድ እያስቆመ "ልንቀልላችሁ፣ ይገድላችኋል" እያለ ለመነ። ስድስት ነቀለ። የቀሩት ሰደቡት። አንዱ "እኔ ዳገት አልወጣም፣ ምን አገባህ?" አለው። ወንዶሰንም ከዚያ ረቡዕ በፊት እንዲሁ ነበር የሚለው።

ባለፈው ሳምንት ወንዶሰን ሞተር አስቀይሮ ማንጎው ሥር መጣ። እማማ በረንዳው ላይ ወንበር ተደርጎላት ተቀምጣለች።

"ኦቻላ፣ ይቺ መብራት እንደገና መጣች።"

"ማጣሪያ ቀይር።"

"ቀይሬያለሁ! ሰው ሲሞላ መኪናዋ ትሞታለች። ያቺን ነገር መልስልኝ። ለሜዳው ብቻ ነው፤ በእናቴ እምላለሁ፣ ደጋ አልወጣባትም።"

ኦቻላ ወደ በረንዳው አየ። "በእናትህ?"

"ታዲያ መድኃኒቷን በምን ልግዛላት? ንገረኛ! በምን?"

"አራት ሰው ቀንስ። አልሠራም፣ ወንዶሰን። ገድለህ ብትጥለኝ አልሠራም።"

"ተወው! ማዶ ያለው ልጅ ይሠራልኛል። ከማን እንደተማረ ታውቃለህ አይደል?"

ኦቻላ ያውቃል። ራሱ ነው ያስተማረው፣ በዚያው ማንጎ ሥር፣ ስልኩን እያሳየ። ተሻግሮ ልጁን ለመነው። ልጁ "አንተ ስትሠራ ሥራ፣ እኔ ስሠራ ወንጀል?" አለው።

ከሰዓት ፒክአፑ በግቢው በር አለፈ። አንካሳነቱ ጠፍቷል፤ ተርቦው ያፏጫል፤ ከኋላ ሰው እስከ አፉ ሞልቷል። እማማ እታገኝ ፉጨቱን ሰማች። ግራ እጇን አንስታ ወደ መንገዱ እያመለከተች፣ ቃል የሌለው ድምፅ እያወጣች ኦቻላን አየችው። ኦቻላ መፍቻውን እንደያዘ ወደ መንገዱ ሮጠ። መኪናው ግን ፈጣን ነበር፤ ፈጣን ያደረገው የእሱ ዘዴ ነዋ።